የአባቴን ምርቃት ስለ መገልበጥ

በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ጓዳ ንጽሕናና ስለ ገንዘብ አያያዝ ብዙ ጊዜ ይጻፋል። ዛሬ እኔ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ግን በብዙ ቤት ከቁም ሣጥን በላይ ተጭኖ፥ አቧራ ለብሶ ስለሚገኘው ስለ ቪዲዮ ካሴትና፥ በእርሱ ላይ ያለውን ሥዕልና ድምፅ ወደ ዲቪዲ ስለሚገለብጠው የቤት መቅጃ መኪና ነው። ነገሩ ለባለ ሙያ ብቻ የሚገባ ይመስላል እንጂ የቤተ ሰብ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱንም ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

ካሴቱ በየቤቱ አለ፤ ዘመኑ ግን አልፏል። ቪ ኤች ኤስ የሚባለውን ካሴት ጄ ቪ ሲ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. ለገበያ አወጣው። አርባ ዓመት ካገለገለም በኋላ፥ በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፥ ማጫወቻውን ይሠራ የነበረው ፉናይ የተባለው ሌላው የጃፓን ፋብሪካ ሥራውን አቆመ። ስለዚህ በእጃችን ያለው ማጫወቻ ሲበላሽ የሚተካው አዲስ የለም። ክሩም ቢሆን ዘለዓለም አይኖርም፤ የብረት ዝገት የመሰለ ደቃቅ ዱቄት በሙጫ የተለጠፈበት ቀጭን ፕላስቲክ ስለ ሆነ፥ ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቁበት ሙጫው ይላላል፥ ዱቄቱም ይረግፋል፤ ከዱቄቱ ጋር ሥዕሉና ድምፁ አብሮ ይረግፋል።

በእኛ ቤት ያለው ካሴት በ1990 ዓ.ም. በካቺሲ ከተማ የተደረገው የታላቅ እኅቴ ሰርግ ነው። ሦስት ሰዓት የሚይዝ ሲሆን ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃው ተቀርጾበታል። ከዚህም አብዛኛው ጭፈራና ግብዣ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ሰው ሲበላ ከሃያ ደቂቃ በላይ መመልከት ያሰለቻል። ነገር ግን በመካከሉ ዘጠኝ ደቂቃ የሚሆን ስፍራ አለ። በዚያ ስፍራ አባቴ ከሽማግሎች መካከል ተነሥተው፥ በትራቸውን ተደግፈው፥ በአፋን ኦሮሞ ሙሽሮቹን ይመርቃሉ፤ በእያንዳንዱም ሐረግ መጨረሻ ሕዝቡ «ሃ ታኡ» እያለ ይቀበላል፤ ይሁን ማለት ነው። አባቴ በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ። ገበሬ ነበሩ፤ የተነሡት ፎቶግራፍ ሁለት ብቻ ነው፤ ድምፃቸው ያለው ግን በዚህ ክር ላይ እንጂ በሌላ በየትም የለም። እኅቴ ከወለደቻቸው አራት ልጆች የአያቱን ድምፅ በጆሮው ሰምቶ የሚያስታውስ አንድም አይገኝም።

ከእነዚህ ልጆች ሁለተኛው፥ በአምቦ የሚኖረው፥ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ አንድ ያገለገለ የዲቪዲ መቅጃ ገዝቶ አመጣልን። የካሴቱን ማጫወቻ ከጎረቤት ተዋስን። ወጣቱም ሥራውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊፈጽመው አስቦ ነበር። «ኤሱማ» አለኝ፤ ኤሱማ በአፋን ኦሮሞ የእናት ወንድም ማለት ነው፤ «ኤል ፒ በሚባለው ልክ ብንቀዳው በአንድ ዲስክ ያልቃል። ሥዕሉንም ቴሌቪዥኑን እንዲሞላ እንዘርጋው። ጫጫታውን ደግሞ ዝቅ አድርገን ሙዚቃ እንጨምርበት።» ሦስቱም አሳብ ከፍቅር የመጣ ነበር፤ ሦስቱንም ግን አልተቀበልሁትም።

እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምኖር ሰው ነኝ። በመዝገብ ቤት ሥራ ዋናና ግልባጭ የሚባል ነገር አለ። ባለ ጉዳይ ግልባጭ ሲጠይቅ ገልብጠን፥ አመሳክረን፥ «ከዋናው ጋር ትክክል ነው» ብለን ፈርመን ማኅተም እናደርግበታለን። ምስክሩ የተናገረው ቃል የተሰባበረ ቢሆን የተሰባበረውን እንጽፋለን፤ አሳምረን ብንጽፍለት የእኛ ድርሰት ይሆናል እንጂ የምስክሩ ቃል አይሆንም። ግልባጩን የሚያነበው ሰው ዓይኑ የደከመ እንደ ሆነ መነጽር ያደርጋል፥ ወይም መብራት ያቀርባል፤ ስለ ዓይኑ ድካም ተብሎ ጽሕፈቱ አይለወጥም። በመቅጃው ሜኑ ውስጥ ያሉትም ማስተካከያዎች እንዲሁ በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ ወደ ዲስኩ የሚገቡና ከገቡ በኋላ የማይወጡ ናቸው፤ ሌሎቹ ግን የተመልካቹ መነጽር ናቸው፥ ዲስኩን አይነኩትም። ሁለቱ በአንድ ዝርዝር ተቀላቅለው ስለሚቀመጡ ብዙ ሰው መነጽሩን ለመለወጥ ብሎ ጽሕፈቱን ይለውጣል፤ ወይም ጽሕፈቱን ያስተካከለ መስሎት መነጽሩን ብቻ ሲያዞር ይውላል።

ወደ ዲስኩ ከሚገቡት ዋናው የመቅጃው ልክ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለሁ የቁም ጽሕፈት መምህራችን ብራናውን በወስፌ ወግተው ሳያሰምሩ ብርዓቸውን ከቀለም አይነክሩም ነበር። በአንድ ገጽ ጥቂት መስመር ቢያሰምሩ ፊደሉ ጎልቶ ይወጣል፤ ብዙ ቢያሰምሩ ብራና ይተርፋል፥ ፊደሉ ግን ይደቃል። አንድ ጊዜ ከተሰመረና ከተጻፈ በኋላ የደቀቀውን ፊደል የሚያገዝፍ ጥበብ የለም። አንድ ተራ ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ጊጋ ባይት ነው፤ ይህ ስፋት አይጨምርም። በኤክስ ፒ ልክ ሲቀዳ 1 ሰዓት ይይዛል፤ በኤስ ፒ 2 ሰዓት፥ በኤል ፒ 4 ሰዓት፥ በኢ ፒ ደግሞ እንደ መኪናው ዓይነት 6 ወይም 8 ሰዓት ይይዛል። ሰዓቱ የሚበዛው ዲስኩ ስለ ሰፋ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ደቂቃ የሚደርሰው ብራና ስላነሰ ነው።

ወጣቱ በዚህ ነገር ተከራከረኝ፤ ክርክሩም ቀላል አልነበረም። «ካሴቱ ራሱ ደብዛዛ ነው» አለ። «ቪ ኤች ኤስ ከግራ ወደ ቀኝ የሚለየው ወደ 240 የሚሆን መስመር ነው። ኤስ ፒ 720 ነጥብ ይጽፋል፥ ኤል ፒ በብዙዎቹ መቅጃዎች 352 ይጽፋል። ታዲያ 240 ለሚሆን ነገር 352 አይበቃምን?» በቁጥሩ እውነት አለው። ነገር ግን አሮጌ ካሴት ከሥዕሉ ሌላ በረዶ የሚመስል ብልጭልጭታ አለበት፤ መኪናውም ይህን ከሰው ፊት ለይቶ አያውቀውም፥ ሁሉንም ሊጽፍ ይደክማል። ብራናው ሲያንሰው ብልጭልጭታውን ለመጻፍ ከፊቱ ላይ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ሥዕሉ በትንንሽ አራት ማዕዘን ይቆራረጣል፥ ይልቁንም ሰው ሲንቀሳቀስ። ለማስረዳት ብዬ ተመላልሶ በሚጻፍበት ዲስክ ላይ የጭፈራውን ሁለት ደቂቃ በኤል ፒ፥ ያንኑ ሁለት ደቂቃ በኤስ ፒ አስቀዳሁት። በኤል ፒ የተቀዳው የጨፋሪዎቹ ትከሻ እንደ ተነጠፈ ሸክላ ተከፋፍሎ ታየ፤ ከዚያ ወዲያ ልጁ ስለ ኤል ፒ አልተናገረም። በመጨረሻው ሙሉውን ሰርግ በኤስ ፒ በሁለት ዲስክ፥ ከሽማግሎቹ አቀማመጥ እስከ ሙሽሮቹ መውጣት ያለውን አርባ ደቂቃ ደግሞ በኤክስ ፒ በሦስተኛ ዲስክ ለመገልበጥ ተስማማን። ማጫወቻው ከመድከሙ በፊት ይሠራ ዘንድ የምርቃቱ ዲስክ እንዲቀድም አደረግን።

ሁለተኛው የመስመሩ ሥርዓት ነው። ቴሌቪዥን በአገራችን በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ተጀመረ፤ ቀለምም የገባው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. ነው። አገራችን የያዘችው ሥርዓት ፓል ይባላል፤ ጀርመናዊው መሐንዲስ ዋልተር ብሩህ ያወጣው ነው። በዚህ ሥርዓት ሥዕሉ 625 መስመር ሁኖ በአንድ ሰኮንድ 25 ጊዜ ይቀያየራል። በአሜሪካ የነበረው ኤን ቲ ኤስ ሲ ግን 525 መስመርና 30 ጊዜ ያህል ነው። የእኅቴ የመጀመሪያ ልጅ በአሜሪካ ስለምትኖር፥ አንዱ ዲስክ ለእርስዋ ሲላክ በዚያ አገር ሥርዓት ይሁን የሚል አሳብ ተነሥቶ ነበር። ከሃያ አምስቱ ሥዕል ሠላሳ ለማውጣት ግን ያልነበረ ሥዕል መጨመር ያስፈልጋል፤ ይህም ከግልባጭነት ያልፋል። ስለዚህ ፓል የሆነውን ፓል አድርገን ተውነው። በአሜሪካ ያለ ብዙ የቤት ማጫወቻ ፓልን ባይቀበልም ኮምፒዩተር ግን ይከፍተዋል። በቤት የተቀዳ ዲስክ በሱቅ እንደሚሸጠው ፊልም የክፍለ ዓለም ቁልፍ ስለሌለበት በዚህ በኩል ሥጋት የለም። በነገራችን ላይ ዘመድ ከአሜሪካ መቅጃ የላከላችሁ እንደ ሆነ ሶኬቱን ከመሰካታችሁ በፊት ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 ቮልት በአንድ ቅጽበት ያቃጥለዋል።

ስለ ሥዕሉ ቅርጽ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ካሴቱ 4 በ3 ነው፥ ዛሬ የምንገዛው ቴሌቪዥን 16 በ9 ነው። አባቴ ቀጭን ሰው ነበሩ፤ ልጁ ሥዕሉን ዘርግቶ ሲያሳየኝ እንደ ድሮ ባላባት ደንድነው፥ በትራቸውም እንደ ምሰሶ ወፍሮ ታዩኝ። እናቴ ገና በሩ ላይ ቆመው ሳሉ «ይህ ማነው?» አሉ። መቅጃውን በ4 በ3 አጸናነው፤ በግራና በቀኝ ጥቁር ሰሌዳ ይቀራል፥ ይቅር። ቴሌቪዥኑን ግን ማንም በሪሞቱ እንደ ወደደ ሊዘረጋው ይችላል፤ ያ መነጽር ነው።

አሁን ወደ ድምፁ ልምጣ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ድምፅን በመኪና ማስቀረት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1898 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ድምፃቸውን በፎኖግራፍ ቀርጸው ልከው ነበር፤ በንግሥቲቱም ፈቃድ ከተሰማ በኋላ ተሰብሯል። ምኒልክና ጣይቱ በመልሱ የላኩት ድምፅ ግን ተጠብቆ ዛሬም ይደመጣል። ብዙ የሚያንኳኳና የሚሻክር ነው፤ ነገር ግን ማንም ሊያሳምረው ብሎ ሙዚቃ አልጨመረበትም፤ ስለዚህ የምንሰማው የእነርሱን ድምፅ ነው።

በቪ ኤች ኤስ ላይ ተራው ድምፅ የሚጻፈው በክሩ ጠርዝ ባለች ጠባብ መስመር ነው። በፓል ካሴት ክሩ በአንድ ሰኮንድ የሚሄደው 2.34 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የዘፈን ካሴት እንኳ 4.76 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ከዚህ የተነሣ ቀጭኑ ድምፅ፥ ይኸውም የ«ሰ» እና የ«ፀ» ፉጨት፥ ገና ሲቀረጽ ተዳክሟል። ስለዚህ ከቀረው ላይ አንዳች እንዳይቀነስ መጠንቀቅ ይገባል። ማጫወቻውን ከመቅጃው የሚያገናኘው ኤቪ የሚባለው ገመድ ሦስት ራስ አለው፤ ቢጫው ለሥዕል፥ ነጩና ቀዩ ለግራና ለቀኝ ድምፅ ነው። የጎረቤታችን ማጫወቻ ግን አንድ የድምፅ ቀዳዳ ብቻ ነበረው። ነጩን ብቻ ሰክተን ብንቀዳ ድምፁ ለዘወትር በአንድ ጆሮ በኩል ብቻ የሚሰማ ይሆን ነበር፤ ስለዚህ አንዱን ለሁለት የሚከፍል ገመድ ፈልገን ወደ ሁለቱም አገባነው። ቀጥሎ የድምፁ አጻጻፍ ነው። ዶልቢ ዲጂታል የሚባለው ጆሮ አይለየውም ብሎ ያሰበውን እየተወ አሳጥሮ ይጽፋል፤ ፒ ሲ ኤም የሚባለው ግን ሳያሳጥር ሁሉን ይጽፋል፥ ብዙ ስፍራም ይወስዳል። በብዙ መቅጃዎች፥ በእኛውም ጭምር፥ ፒ ሲ ኤም የሚፈቀደው በኤክስ ፒ ልክ ብቻ ነው። ጭፈራውና ግብዣው በዶልቢ ቢጻፍ ምንም አይጎድልበትም፤ የምርቃቱን ዲስክ ግን በፒ ሲ ኤም አደረግነው።

ሙዚቃ የመጨመሩን ነገር ልጁ ቶሎ የተወው እኔ ስለ ከለከልሁት አይመስለኝም። አንድ ዘመዳችን ከጥቂት ዓመታት በፊት የልጁን ሰርግ ካሴት ወደ አንድ ፎቶ ቤት ወስዶ አስገልብጦ ነበር። ሠራተኞቹ ምርቃቱ የሚያሰለች ንግግር መስሏቸው በላዩ የኦርጋን ዜማ ጭነውበት መለሱለት፤ ሽማግሌው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ፥ የሚሰማው ግን ኦርጋን ነው። ዋናው ካሴት ከዚያ በኋላ ስለ ጠፋ ዛሬ የሚመለስ ነገር የለም። ያንን ዲስክ ልጁ ደጋግሞ አይቶታል።

መነጽር ካልኋቸው ማስተካከያዎች ሦስቱን ብቻ ላንሣ። መቅጃው ድምፅን በዲጂታል ገመድ ሲያወጣ ፒ ሲ ኤም ወይም ቢትስትሪም የሚል ምርጫ አለው፤ ቴሌቪዥኑ ዶልቢን መፍታት የማይችል እንደ ሆነ በቢትስትሪም ዝም ይላል፥ ሰውም ዲስኩ የተበላሸ ይመስለዋል። እንዲሁም ፕሮግረሲቭ የሚለውን በቢጫው ገመድ እየተጠቀሙ ቢከፍቱት በአንዳንዱ መቅጃ ሥዕሉ ጨርሶ ይጠፋል፤ ሲዘጉት ይመለሳል። ሦስተኛው የድምፅ ማጥበቢያው ነው፤ ይህ ዝቅ ያለውን ንግግር ከፍ፥ ከፍ ያለውን ጩኸት ዝቅ አድርጎ ያቀራርባል፤ የሚሠራውም በዶልቢ በተጻፈ ድምፅ ላይ ነው። እናቴ ጆሮአቸው ስለ ደከመ የኤስ ፒውን ዲስክ ሲያዩ ማጥበቢያውን እንከፍተዋለን፤ ያለዚያ ንግግሩ ሳይሰማቸው እልልታው ያስደነግጣቸዋል። በቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን የድምፅ ማሳመሪያ ግን አዘግተውናል፤ «ዋሻ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ይመስላል፤ እርሱ የመረቀው ሜዳ ላይ ነው» አሉ። ያለ ማሳመሪያው ሲሰሙት ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ ከምርቃቱ በፊት የተሰማችውን አጭር ሳል በጣታቸው እያሳዩ «ይህችን ታውቃታለህ?» አሉኝ። ዐወቅኋት። በመቅጃው ሜኑ ውስጥ ጫጫታን ለመቀነስ የሚል ቁልፍ አለ፤ የሚያጠራው ሥዕሉን እንጂ ድምፁን ስላልሆነ ሳሏን ባይነካትም፥ የፊታቸውን መጨማደድ ስለሚያለሰልሰው እርሱንም ዘግተን ነው የቀዳነው።

ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ በካሴቱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ጥርስ ይስበር፤ ያን ጊዜ ማንም ተሳስቶ በላዩ ሊቀርጽበት አይችልም። ካሴቱንም እስከ መጨረሻ አሳልፎ መልሶ ያጠንጥነው፥ ለዓመታት የተጣበቀው ክር ይላቀቃልና። ከሥዕሉ ግርጌ የሚንቀጠቀጥ መስመር ቢታይ በማጫወቻው ላይ ትራኪንግ የሚለውን ይሞክር፤ ከማጫወቻው የወጣው ሁሉ ወደ ዲስኩ ስለሚገባ ኋላ ማረም አይቻልም። መብራት በቅጂ መካከል ቢጠፋ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ዲስክ ከንቱ ሊሆን ስለሚችል፥ አስቀድሞ ተመላልሶ በሚጻፍበት መሞከር ይሻላል። ቅጂው ሲያልቅም ፋይናላይዝ የሚለውን መዘንጋት አይገባም፤ ይህ በእኛ ቋንቋ መዝገብ መዝጋት ነው። ያልተዘጋ ዲስክ በቀዳው መኪና ይታይ ይሆናል እንጂ በሌላ ቤት ማጫወቻ ብዙ ጊዜ አይከፈትም። ዲስክም ደግሞ ያረጃልና ከተዘጋው ላይ ወደ ኮምፒዩተር ሌላ ቅጂ ማኖር መልካም ነው። እኛ ይህን ሁሉ ስንፈጽም አንድ ቅዳሜና አንድ እሑድ ሙሉ ወሰደብን፤ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለት ዲስክ ጣልን።

የምርቃቱ ዲስክ ወደ አሜሪካ በሰው እጅ ከሄደ ከሦስት ሳምንት በኋላ የእኅቴ ልጅ ደወለች። በኮምፒዩተር ከፍታ እንዳየችው ነገረችን። ከዚያም አያትዋን ጠይቃ፥ አባቴ ከብቱን ከመረቁ በኋላ የተናገሩት አንድ ቃል በእልልታው ተሸፍኖ እንዳልገባት ተናገረች። እኔም ያን ስፍራ ደጋግሜ ሰምቼው አልያዝሁትም ነበር። እናቴ ስልኩን ተቀብለው «ውሃውን ነው የመረቀ» አሉ፤ «ከከብቱ በኋላ ሁልጊዜ ምንጩን ይመርቅ ነበር።» ቃሉንም እርሳቸው ይሉት እንደ ነበረ አድርገው በኦሮምኛ ሦስት ጊዜ አሏት፤ እርስዋም በዚያ ማዶ ሆና እየጻፈች መለሰችላቸው።